መረቡ የማይደርስበት ቦታ

ልጆቿ «ብግነት ነው» አሏት። ጁዪንግም «እሺ» አለች።

በዚያ ከታይሃንግ ተራራ ግርጌ ባለው ወረዳ አንድ ሰው ዳቦ በጎረሰ ቁጥር ውሃ መጎንጨት ከጀመረ ጎረቤቱ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ሐኪም አያስፈልግም፤ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ነው። በሽታውን በሆስፒታል ስሙ የሚጠራው የለም። «አናቂው» ይሉታል። እገሌን አናቂው ያዘው ከተባለ ቀሪውን ማንም ያውቀዋል። ጁዪንግ ደግሞ ከሰፈሩ ሁሉ የበለጠ ታውቃለች፤ ስድስተኛ ክፍልን ሳትጨርስ፣ ነጭ ጋወን ሳትለብስ፣ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከመንደር መንደር እየዞረች የሰው ጉሮሮ ስትመረምር የኖረች ሴት ናት። እስከ ዛሬ ድረስ «እትዬ መረብ» የሚሏት ለዚያ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጫፏ ላይ መረብ የለበሰች ትንሽ ፊኛ የተገጠመላት ቀጭን የጎማ ቱቦ አለች። ሰውየው ፊኛዋን ይውጣታል። ጨጓራው ስትደርስ አየር ይነፋባትና ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ትሳባለች፤ መረቡ የምግብ ቧንቧውን ግድግዳ እየፋቀ ይመጣል። የተፋቀው መስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ወደ ከተማ ይላካል። እንዲህ ያለውን ነገር ማን ወዶ ይውጣል? ስለዚህ ጁዪንግ በየመንደሩ አደባባይ ቆማ፣ ከሁሉም በፊት ራሷ ትውጣት ነበር። ዓይኗ ውሃ ሳያቅር ትውጥና «አየህ፣ በሬ የሚያክል ሰውዬ፣ እኔ ሚጢጢዋ ዋጥኩ፤ አንተ ደግሞ አፍህን ይዘህ ትቆማለህ» ትላለች። ሰው ይስቃል፣ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። በዕድሜዋ ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ውጣታለች። ከእሷ ጉሮሮ የወጣውን ግን አንድም ቀን መስታወት ላይ የቀባው የለም። በጨርቅ ጠረግ ይደረጋል። መስታወት በቁጥር ነው የሚመጣው፤ ለራስ ሠራተኛ ምን ያባክነዋል?

በኋላ መረቡ ቀርቶ ካሜራ ያለው ቱቦ ሲመጣ እሷም ጡረታ ወጣች። ካሜራውን ዋጪ ሲሏት «እኔ የዋጥኩት ለሰባት ትውልድ ይበቃል» ብላ ተመለሰች።

እንግዲህ በስልሳ አንድ ዓመቷ፣ ለዘመን መለወጫ ልጇ ቹንሺያ ካመጣችው የእንፋሎት ዳቦ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ፣ ማወቅ ያለባትን አወቀች። ቹንሺያ ዳቦ ነጋዴ ናት፤ የእሷ ዳቦ ጥጥ ነው፤ ጥጥ ጉሮሮ ላይ አይቆምም።

የከተማው ሆስፒታል ሲገቡ ውሸቱን ያደራጀው ትልቁ ልጇ ባውሊን ነበር። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። «የእጢ ሕክምና ክፍል» የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ እንዳታነብ ብሎ ሁልጊዜ በኋላ ደረጃ በኩል ያስገባታል፤ አራት ፎቅ። ጨረሩን «ማሞቂያ» አላት። የመድኃኒቱን ጠርሙሶች ወረቀት በምላጭ ልጦ ሲያመጣ ጣቱን ቆርጦ በፋሻ ጠቅልሎት ነበር።

«ጣትህን ምን ነካው?»

«ጠመኔ ነው፣ እማ።»

«አሁን ጠመኔም ይቆርጣል» አለችና ዝም አለች።

ዝም ያለችው ለልጆቿ አዝና ብቻ አልነበረም። ያ ውሸት የእሷም ሥራ ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የምርመራውን ውጤት ይዛ ስትመጣ ወረቀቱን የምትሰጠው ለወንድ ልጁ ወይም ለሚስቱ ነው፤ ጉሮሮው ለሆነው ሰው ሰጥታ አታውቅም። ወጉ እንዲህ ነው። ግንበኛው ጌንግን «ጨጓራህ ነው» ያለችው እሷ ናት። ጌንግ ጨጓራው መስሎት አሥራ አራት ወር ቆየ። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው አስጠራትና «እስቲ አንዴ ደግመሽ ዋጪልኝ፣ ስትውጪ ልይሽ» አላት። እሱ ያኔ ውሃ እንኳ አይወርድለትም። ፊቱ ተቀምጣ ዋጠችለት። አየና «ጎበዝ ነሽ» አላት። ያንን «ጎበዝ ነሽ» እስከ ዛሬ አላወረደችውም።

ስድስት ሳምንት ጨረር ተቀብላ አንድ ወር ካረፈች በኋላ፣ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ዶክተር ፔይ ልጆቹን ቢሮው ጠራቸው። እሷን ሙቅ ውሃ ቅጂ ብለው ላኳት። ፔርሙሷን ሞልታ ስትመለስ የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። ቆመች። መስማት ነውር ነው የሚል ካለ፣ የራሱ ጉሮሮ ሲወራበት ይሞክረው።

«ከሦስት ወር በፊት ብትጠይቁኝ አልነካውም እላችሁ ነበር» ይላል ፔይ። «ጨረሩና መድኃኒቱ አሳንሰውታል። ግን ከጎረቤቶቹ ጋር ተጣብቋል። ከፊት ማንቁርቷን ይዟል፤ የአየር ቧንቧዋንም የላይኛውን ክፍል ከጀርባ በኩል። ላውጣው ካልኩ ሁሉንም አንድ ላይ ነው የማነሳው። ከዚያ ጨጓራዋን ወደ ላይ ስቤ ከጉሮሮዋ ጋር እሰፋዋለሁ። የምትተነፍሰው አንገቷ ላይ በምከፍተው ቀዳዳ ይሆናል። ድምፅ አይኖራትም።»

«ለስንት ጊዜ?» አለ ባውሊን።

«አይኖራትም ነው ያልኩህ።»

ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«ካልተቆረጠስ?» አለች ቹንሺያ።

«ሆዷ ላይ ቱቦ እናስገባላትና በዚያ ትመገባለች። የወራት ነገር ነው። በሽታው ወደ አየር ቧንቧው ከበሳ ደግሞ ከዚያም ያጥራል።»

«እኛ ብግነት ነው ብለናታል፣ ዶክተር» አለ ባውሊን።

«ለብግነት ተብሎ የማንም ድምፅ አይቆረጥም፣ መምህር።»

«ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ቀስ ብለን እንነግራታለን።»

«ያኔማ ይመቻችኋል፤ መልሳ አትሰድባችሁም።» ፔይ ይህን ሲል አልሳቀም። «ደንቡ የቤተሰብ ፊርማ ይበቃል ይላል። እኔን ግን አይበቃኝም። ሳታውቅ ተኝታ ዲዳ ሆና የምትነቃ ሴት ፊት መቆም አልፈልግም። ሦስት ቀን አላችሁ፤ ንገሯትና ኑ።»

ፔርሙሱ ሙሉ ነበር። ጁዪንግ ግን ወደ ውሃው ማፍያ ተመልሳ፣ ሰው እስኪሳሳ ድረስ እዚያው ቆመች። ስለ ሞት ብዙም አላሰበችም፤ እሱን ከዘመን መለወጫ ጀምራ ስታስበው ከርማለች። ያሰበችው ስለ ድምፇ ነው። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ቤቷ ውስጥ የሚናገር ሰው እሷ ብቻ ናት። ከሸለቆው ማዶ ካለችው ከባሏ እህት ጋር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሸለቆውን እያሻገረች ስትጨቃጨቅ ኖራለች፤ ያቺ ሴት አሁን በነፃ ልታሸንፍ ነው። ዶሮዎቹስ በምን ይጠራሉ? ቆርቆሮ መምታት ይቻላል። ለዶሮዎቹ ቆርቆሮ ይበቃል።

ግን ምርጫው የእሷ ነው። ይህን ካሁን በፊት አስባው አታውቅም ነበር፤ ማፍያው አጠገብ ቆማ አሰበችው። መሞትም ዲዳ መሆንም ይቻላል፤ ልጆቿ ጓዳ ለጓዳ ተማክረው የሚያመጡላት ነገር ግን አይሆንም። ሦስት ቀን ጠበቀቻቸው። ፊት ለፊት እንዲነግሯት ፈለገች፤ እሷ ለጌንግ ያላደረገችውን እንዲያደርጉላት።

በመጀመሪያው ቀን ቹንሺያ በስኳር የተቀቀለ ፒር አመጣችላትና ሲቀዘቅዝ በማንኪያ አበላቻት። በሁለተኛው ቀን እግሯን ስታሽላት «እማ» ብላ ጀመረችና «ካልሲሽ ሳስቷል» ብላ ጨረሰች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባውሊን መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጆሮው ከመናገሩ በፊት ቀላ።

«ትንሽ ኦፕራሲዮን አለች፣ እማ። ቀላል ናት። ብግነቱን ፋቅ ፋቅ ያደርጉልሻል።»

«በምን?»

«በ... በመሣሪያ።»

«በመረብ?»

ቹንሺያ ቀና አለች። ባውሊን ወደ እህቱ አየ።

ጁዪንግ ከአልጋው ሥር የብርድ ልብስ ጥቅልሏን ሳበች። ጥቅልሉ የታሰረው በድሮዋ ቱቦ ነው፤ ፊኛዋ ከበሰበሰ ዓመታት ሆኗታል፣ ጎማው ግን ጥሩ ነው፣ ጥሩ ጎማ አይጣልም። ፈታችና ባውሊን ጭን ላይ አኖረችለት።

«ጎማው ላይ ያለው ይሄ ቁጥር ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ልጅ ሳለህ መቁጠር የተማርክበት ነው። ከፊት ጥርስ ጀምሮ በሳንቲሜትር። የእኔው በሽታ ስንት ላይ ነው?»

«እማ፣ እኔ...»

«አንተን ሳይሆን እሷን ነው የምጠይቀው።»

ቹንሺያ ዳቦ ነጋዴ ናት፤ ስትዋሽ ጆሮዋ አይቀላም። ይሁንና ያን ጊዜ መዋሸት አቃታት ወይም ሰለቻት።

«አሥራ ስምንት» አለች።

ጁዪንግ ቱቦውን አንስታ ጫፉን ጥርሷ ላይ ያዘችው። የመጀመሪያው ቀይ ምልክት ሃያ ነው። ከእሱ ሁለት ጣት የማይሞላ ወደ አፏ ቀረብ አድርጋ በአውራ ጣቷ ያዘች። ቆይታ ሳቀች፤ በሽታው ሻካራ ያደረገው ሳቅ ነበር።

«አየር የምናስወጣበት ቦታ» አለች።

«ምኑ?»

«መረቡ ሃያ ላይ ሲደርስ ፊኛዋን አየር እናስወጣታለን። ከዚያ በላይ ጉሮሮው ይጠባል፤ እንደተነፋች ብትስባት ሰውየውን ታንቀዋለች። ታጥፋ ነው የምታልፈው። አትፍቅም። እንዲህ ተብለን ነው የተማርነው፤ እኔም ስንቱን አስተምሬያለሁ።»

ከዘመን መለወጫ ጀምሮ ውስጥ ውስጡን ሲበላት የነበረው ከእሷ ጉሮሮ የወጣው የተጠረገበት ያ ጨርቅ ነበር። አንዲት መስታወት ለራሴ ቀብቼ ቢሆን ኖሮ እያለች ስንት ጊዜ ተገላብጣለች። አሁን ታወቀ፤ ሁለት መቶ ጊዜ ብትቀባም መስታወቱ ንጹሕ ነሽ ይላት ነበር። ጨርቁ ከክስ ነፃ ወጣ። ወዲያው ደግሞ ሌላ ነገር መጣባት፤ ንጹሕ ናችሁ ብላ ወደ ቤታቸው የሸኘቻቸው፣ ከሃያ በላይ ያለውን ጉሮሯቸውን ግን ማንም ያልነካው ስንት ናቸው? ይህን ለልጆቿ አልነገረችም። ለራሷ ያዘችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለ ባውሊን፤ ወለሉን እያየ።

«በእህትህ ዳቦ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? እኛ እዚህ አራት ፎቅ በኋላ ደረጃ...»

«ደረጃው ለእግሬ ጥሩ ነው ብዬ ነዋ።»

ቹንሺያ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች፤ እያለቀሰች ትሁን እየሳቀች አልታወቀም። «ያልሽው ሁሉ ይሁን፣ እማ። የማትፈልጊ ከሆነ...»

«መፈለግ አለመፈለጌን ማን ጠየቀኝ? ዶክተሩን ጥሩልኝ። ወረቀቱንም ይዞ ይምጣ።»

ፔይ መጣ። ሁሉንም እንደገና፣ አሁን ለእሷ፣ ምንም ሳይደብቅ ነገራት። እንደ ባለሙያ ጠየቀችው፤ ጨጓራው እስከዚህ ድረስ ይደርሳል ወይ፣ ስፌቱ ቢፈታስ፣ ስትውጥ ትንታ አለ ወይ። አየርና ምግብ ከእንግዲህ በር ለበር ስለማይገናኙ ትንታ እንደማይኖር ሲነግራት «አንድ ጥቅም ተገኘ» አለች።

«አንድ ነገር ግን በፊልሙ አይታይም፣ እማማ» አለ ፔይ። «ወደ ታች፣ ከትልቁ የደም ቧንቧ ጋር ተጣብቆ ይሆናል፤ ላይሆንም ይችላል። ከፍቼ በጣቴ ካልነካሁት አላውቅም። እሱን ከያዘ አልችለውም። የዚያን ጊዜ በሩ ላይ ወጥቼ ቤተሰቡን አማክራለሁ።»

«እነዚህን?»

«ደንቡ ነው።»

«በሩ ላይ ቆመው በአምስት ደቂቃ ሊወስኑ? አንዱ ቁረጥ ይልሃል፣ አንዷ ተው ትልሃለች፤ እኔ ከዳንኩም ከሞትኩም ዕድሜ ልካቸውን ይኳረፋሉ። እኔ ነኝ የምነግርህ። የደም ቧንቧውን ከያዘ ዝጋው። ድምፄንም ተውልኝ፣ የቀሩኝን ወራት እያወራሁ እጨርሳቸዋለሁ። የያዘው ማንቁርቱንና የአየር ቧንቧውን ብቻ ከሆነ ጠራርገህ አውጣው። በሩን አትክፈት።»

«የሚፈርመው ቤተሰብ ነው፤ ለሕመምተኛ የተተወ ቦታ የለውም» አለ ፔይ ወረቀቱን እያገላበጠ። ሰበብ የሚፈልግ ሰው አይመስልም ነበር፤ ቦታውን የምር እየፈለገ ነው።

«ጠርዙ ባዶ ነው» አለች ጁዪንግ። እስክሪብቶውን ተቀብላ በጠርዙ ላይ፣ ለመንደር ሰነድ እንደምትጽፈው በትልልቅ ፊደል፣ ያለችውን ሁሉ ጻፈችና ስሟን አኖረች። ባውሊን ከሥሩ ፈረመ። መምህር ነውና አንድ የተሳሳተ ፊደል አየ፤ ሊያርመው እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበ።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ፣ ሲስተር ዱ፣ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ የሚገባውን ቱቦ ይዛ መጣች። ሥራ ከጀመረች ሁለት ወር አይሆናትም። አንዴ ሞከረች፣ ጁዪንግን አሳላት። ደግማ ሞከረች፣ ቱቦው በአፏ ወጣ። የልጅቷ ግንባር አላበው።

«ይቅርታ፣ እማማ። ጠባብ ሆኖ ነው። ዶክተሩን ልጥራው።»

«ተቀመጪ። ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ። አንቺ ደግሞ በር እንደምትሰብር ነው የምትገፊው።» ጁዪንግ ትራሷን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። «ስሚ። መጀመሪያ አገጭ ወደ ታች። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ቀና በይ ይላል፤ ቀና ካልሽ የአየሩ በር ነው የሚከፈተው። እሺ? አሁን ውሃ አንድ ጉንጭ ስጪኝ። እኔ ስውጥ ትገፊያለሽ፤ ካልዋጥኩ አትግፊ። ጉሮሮ ራሱ ይስበዋል፤ አንቺ የምታደርጊው መከተል ነው። እጅሽን ልየው። አትንቀጥቀጪ፣ የምትውጪው አንቺ አይደለሽም።»

ሲስተር ዱ ተከተለቻት። ጁዪንግ ዋጠች። ቱቦው አሥራ ስምንት ላይ ሲደርስ ተሰማት፤ ሻካራ ቦታ ላይ እንደሚጎተት ገመድ። እጇን አንስታ አስቆመቻት፣ አንዴ ተነፈሰች፣ ደግማ ዋጠችና በጣቷ ምልክት ሰጠች። አለፈ።

«ያውልሽ» አለች፤ ድምፇ በቱቦው ምክንያት በአፍንጫዋ ይወጣል። «የሚቀጥለውንም እንዲህ አድርጊ።»

ባለጎማው አልጋ ሲመጣ ልጆቿ ግራና ቀኝ ይዘው እስከ ማደንዘዣው ክፍል በር ሸኟት። ሁለቱም አንድ ነገር እንድትላቸው እንደሚጠብቁ ገባት። ምን ትበላቸው? ፊታቸው ነጭ ሆኗል፣ ከትናንት ምሳ በኋላ እህል አልቀመሱም።

«ሂዱና አጥሚት ጠጡ» አለቻቸው። «ቀዝቀዝ ይበል። እንደ አባታችሁ እየፈላ እንዳትጋቱት።»

በሩ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አልተከፈተም። ይህን ጁዪንግ ያወቀችው በኋላ ነው።

ስትነቃ መጀመሪያ ያየችው ጣሪያውን ነው። እጇ ከብዷታል። አንዱን እጅ እየጎተተች ደረቷ ላይ አደረሰችው፣ ከደረቷ ወደ አንገቷ። ፋሻ አለ፣ ከፋሻው መሐል ቀለበት የመሰለ ፕላስቲክ፣ ከፕላስቲኩ ደግሞ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ይወጣል፤ የራሷ ትንፋሽ። መዳፏን ከፊቱ ይዛ ሦስት ጊዜ አረጋገጠች። እንግዲያው የደም ቧንቧውን አልያዘም። በሩ አልተከፈተም። እንደጻፈችው ተደርጓል።

አፏን ከፍታ «ውሃ» አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ሌላ ምንም አልመጣም። አንዴ በቂ ነው ብላ አፏን ዘጋች።

ቹንሺያ የተማሪ ደብተርና እርሳስ ይዛ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። ጁዪንግ ጣቷን ስታንቀሳቅስ አቀበለቻት። ፊደሉ ወደ ታች እየወረደ «ሁሉም ወጣ?» ብላ ጻፈች።

ባውሊን ደብተሩን አነበበ። ወደ እህቱ አየ። አንገቱን ወደ እሷ ያዞረበትን አዟዟር ጁዪንግ ታውቀዋለች፤ ለእናት ምን እንበል ብሎ ሲጠይቅ እንዲያ ነው። ጆሮውን ጠበቀች። ጆሮው አልቀላም። ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፣ ዘረጋውና ምንም ሳያነብላት እጇ ላይ አኖረው።

አስጠግታ አነበበችው፤ ጊዜ ፈጀባት። በዓይን የሚታየው በሙሉ ወጥቷል። ከአየር ቧንቧው በኩል ያለው ጠርዝ ንጹሕ መሆኑ ግን በዓይን አይለይም። ሥጋው ተቆራርጦ በመስታወት ይታያል። ውጤቱ ከሰባት ቀን በኋላ ይመጣል። ከታች «ውጤቱን የሚቀበል» የሚል መስመር አለ፤ ባዶ ነው።

ጁዪንግ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አደረገችና ሳትጽፍ አነሳችው። ደብተሩን መልሳ ሳበች።

«ስንት መስታወት?»

ቹንሺያ ወጥታ ሄደች። ከሲስተር ዱ ጋር እየተነጋገረች ስትመለስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ሃያ ስድስት ነው አሉ፣ እማ። ሃያ ስድስት ቦታ ነው የሚቆርጡት።»

 ጁዪንግ በደብተሩ ላይ «ለአንድ ሰው! ብክነት» ብላ ጻፈችና፣ ወረቀቱን አስተካክላ፣ ባዶው መስመር ላይ ስሟን በትልልቅ ፊደል መጻፍ ጀመረች።